የነጎድጓዱ ላሜራ

«ወላሂ አላየሁም! አሁን መግባቴ እኮ ነው ወንድሜ፤ ጆንያውን ራስህ ገልብጠህ እየው!»

ድምፁ የመጣው ከታች፣ ከግቢው በር ነው። ኢያኤል ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆሞ ጥርሱን ሲቦርሽ ነበርና ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰነቀረ ወደ ታች አጎነበሰ። ገና ወር ያልሞላው አዲሱ ዘበኛ፣ ፈቃደ፣ አንዱን ቆራሌ ኮሌታውን ጨምድዶ ይዞታል። የሰውየው ጆንያ ተገልብጦ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር፣ የዛገ ምድጃና ጥቂት የውሃ ፕላስቲክ መሬት ላይ ተበትኗል። «ጓሮ የነበረው ላሜራ ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?» ይላል ፈቃደ። «ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም። ከናንተ ሌላ ብረት የሚለቅም ማን አለ?» ሦስት አራት ጎረቤቶች ከበው ያያሉ። አንዷ «እነሱ እኮ ዓይን ያወጡ ናቸው» አለች፤ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሥራ የረፈደበት ደግሞ ሰዓቱን አይቶ ውልቅ ብሎ ሄደ።

ላሜራው የት እንዳለ ኢያኤል ያውቃል። ማወቅ ብቻ? ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ፈቃደ እራቱን ሊቀምስ ዞር ባለባት ሰዓት፣ በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው። የቲያትር ቡድናቸው ዛሬ ቅዳሜ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለች አንዲት ጠባብ አዳራሽ አዲስ ቲያትር ያሳያል። ቲያትሩ ውስጥ ነጎድጓድ አለ። አዘጋጇ ሶረቲ ደግሞ የስልክ ድምፅ አልፈልግም፣ ሰፊ ስስ ላሜራ ሰቅለን እናራግባለን ብላ ድርቅ አለች። ብረታ ብረት ቤት ቢጠየቅ ለአንዱ ሦስት ሺህ ምናምን ብር ተባለ፤ ቡድኑ ተያየ። ይሄኔ ነው የኛ ጀግና ደረቱን ነፍቶ «ለሱ አታስቡ፣ እኔ አመጣዋለሁ» ያለው። በቡድኑ ውስጥ ያን ያህል ተጨብጭቦለት አያውቅም ነበር።

ታዲያ ላሜራው ዝም ብሎ የተጣለ ቢሆን ምን ነበረበት። ከብሎኩ ጀርባ፣ ወደ ውሃ ቧንቧው መሄጃ ላይ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኑ ከተሰረቀ ዓመት አልፎታል። ነዋሪው የግቢው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ብሎ ያንን ላሜራ አለበሰውና ድንጋይ ጫነበት፤ ኮሚቴው እስከ ዛሬ አልተሰበሰበም። ላሜራው ሰው አይሸከምም፤ ግን ጥጉ ላይ ቀይ ቀለም ጠብ ያለበት ነውና የግቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ሲያየው ዞሮ ያልፋል። ኢያኤል ትናንት ሲያነሳው የጉድጓዱ ሽታ ፊቱን አለው፤ እንዲህ ተከፍቶ እንደማይተው ገብቶታል፣ አልገባውም አይባልም። ወዲያ ወዲህ ብሎ አንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ካርቶን አገኘና ዘርግቶ ሸፈነበት። ንፋስ እንዳይወስደው ብሎም አፈር በተን በተን አደረገበት። ነገ ከቲያትሩ በኋላ እመልሰዋለሁ አለ፤ ለአንድ ቀን ማን ይሞታል! እሱ መሸፈኑ ነበር፤ ያበጀው ግን ወጥመድ ነው። አዲሱ ዘበኛ ደግሞ ላሜራው መጥፋቱን እንጂ ከሥሩ ጉድጓድ መኖሩን አልሰማም፤ ከከበቡት ጎረቤቶችም የትኛው ላሜራ ብሎ የጠየቀ የለም።

«ጀይላን እባላለሁ» ይላል ከታች ቆራሌው፣ ድምፁ እየሰለለ። «ሰንጋ ተራ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የማያውቀኝ የለም።» የኢያኤል አፍ በጥርስ ሳሙናው ተቃጠለ። የምትፈለገው አንዲት ቃል ነበረች። ግን ላሜራው ከተመለሰ ነጎድጓድ የለም፤ ሶረቲ ፊት ደግሞ ውሸታም ሊሆን ነው፤ ኮሚቴው ይሰማል፤ ከሁሉ ከሁሉ እናቱ ትሰማለች። ተፋና ገባ።

ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። ሶፋው ላይ ኢያኤል ያድርበታል፤ ከበሩ ኋላ ስድስት ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ አምስቱ ባዶ። ውሃ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ባለጋሪዎቹ አንዱን ጀሪካን ሠላሳ ብር አስገብተውታል። እናቱ ፀሐይቱ ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ዘርግታ ሰማያዊ ቀሚሷን ትተኩሳለች፣ ሠርግ ካልሆነ የማትለብሳትን። ልጇ የኮሌጅ ትምህርቱን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ቲያትር ብሎ ከወጣ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። አብረው ይበላሉ፣ ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ጨው አቀብለኝ ይባባላሉ፤ ስለዚያ ነገር ግን ዝም። ባለፈው ሳምንት ብቻ፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል «ቲያትራችሁ መቼ ነው? ልምጣ» ብላው እንባው ሊመጣ ነበር።

«ምንድነው የሚጯጯሁት?» አለችው።

«እኔ እንጃ።»

«አንዱን ምስኪን ይዘው ይሆናላ።» ካውያውን አዞረች። «ዛሬ ውሃ ይለቀቃል ብለዋል። ከመጣ ቶሎ ቀድቼ ከጎረቤት ከጀነት ጋር እመጣለሁ። ፊት ለፊት ወንበር ያዝልኝ፣ ዓይኔን ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። ስኳሯ ዓይኗን ከያዘው ቆይቷል፤ ቀን ላይ እንደምንም ነች፣ ደመን ሲልና ሲመሽ ደረጃ የምትወርደው በእግሯ እየዳበሰች ነው።  «እማዬ፣ ውሃውን ተይው፣ እኔ ማታ እቀዳለሁ» አለ። «እስከ ማታ ይጠብቅሃል?» አለች። በጓሮ እንዳትሄጂ ሊላት አፉን ከፈተ። ለምን ብትለውስ? ቀና ብላ ጠበቀችው። «ቀሚስሽ ያምራል» አላት። ፀሐይቱ እንደ ልጅ አፈረችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች።

ሲወርድ በሩ ላይ የቀሩት የተሰበረው ወንበርና ባዶው ጆንያ ብቻ ነበሩ። ፈቃደ ጆንያውን በእግሩ ወደ ግድግዳው እየገፋ «ጣቢያ አስረከብነው። እዚያ ይለፍልፍ» አለው፣ ሳይጠይቀው። ኢያኤል «እሺ ጋሼ» አለና አለፈ። እሺ! ከሁሉ የገረመው እሷ ቃል ነች፤ እስከ ባቡሩ ድልድይ ድረስ አፉ ውስጥ አልጠፋችም። ማታ ላሜራውን መልሼ፣ ተገኘ ብዬ፣ ሰውየውም ይለቀቃል እያለ ለራሱ ሒሳቡን አሳመረ። ውሃ እንደሆነ ሁለት ሳምንት ይመጣል እየተባለ ያልመጣ ውሃ ነው።

አዳራሿ ቀድሞ መጋዘን ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወንበሮቿ ከሠርግ ዕቃ አከራይ በአሥር በአሥር ብር የመጡ። ኢያኤል ልምምዱ ሊጀመር ሲል ወደ መድረኩ ጀርባ ዘለቀና ደረቀ። የድምፅና የመብራት ሠራተኛቸው በከር ላሜራውን በገመድ ሰቅሎታል፤ ግን ላሜራው ያ ላሜራ አይደለም። ግማሽ ያህሉ የለም። «በጣም ሰፍቶ በሩ አላስገባ አለን» አለ በከር፣ የላሜራ መቀሱን እያሳየው፣ ሥራው ደስ ብሎት። «ቆረጥኩት። አሁን ድምፁን ስማው ጀለስ!» ጫፉን ይዞ አራገበው። ድድድድድም! ኢያኤል ደረቱ ውስጥ ሰማው። የተቆረጠው የት ሄደ ሲል «ለመብራቱ መከለያ ሠራሁበት» አለው። እንግዲህ ማታ የሚመለስ ነገር የለም። ይህ ቁራጭ ያንን ጉድጓድ አይሸፍንም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ፍርሃቱ ሥራውን ጀመረ።

እናቱ ጋ ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለችው የስልኩ ሴትዮ። መብራት ጠፍቶ ባትሪዋ አልቆ ይሆናል። ደግሞ ደወለ። ጀነት ጋ እንዳይደውል ቁጥሯ የለውም፤ አንድ ግድግዳ የሚለያያቸው ጎረቤት ስልክ ምን ያደርግለታል ብሎ ይዞት አያውቅም። ሶረቲ መጥታ ስልኩን ከጆሮው ላይ በእጇ አወረደችው። «አንተ ልጅ ዛሬ ልብህ የት ነው?» አለችው። «የመጨረሻዋን ንግግር አንዴ ልስማት።»

ቲያትሩ ቢኒ ስለሚባል አንድ የሰፈር ቀበጥ ነው፣ ኢያኤል ነው የሚጫወተው፤ ቀይ ጃኬት፣ ጥቁር መነጽር፣ አንገት ላይ ሰንሰለት። ቢኒ የቤቱን ቆሻሻ እየወሰደ የጎረቤት ቦይ ውስጥ ይደፋል። ዝናቡ ይመጣል፣ ቦዩ ይደፈናል፣ ጎርፉ የአንዲት አሮጊት ቤት ይገባል፤ ሰፈሩ ምንም ያላደረገ አንድ የቀን ሠራተኛ ላይ ይጮኻል። መጨረሻ ላይ ቢኒ መነጽሩን አውልቆ «ቦዩን የደፈንኩት እኔ ነኝ» ይላል። ኢያኤል ይህችን ዓረፍተ ነገር አንድ ወር ለፋባት፤ አልወጣችለትም። አሁንም ደገማት። ሶረቲ ጣቷን ግንባሯ ላይ አደረገች። «አፍህ ብቻ ነው የሚለው» አለችው። «ይህችን ቃል ሰው የሚላት ሌላ መንገድ ሁሉ ሲያልቅበት ነው። አንተ ገና መንገድ እየፈለግክ ነው።» ኢያኤል ፊቱ ቀላ፤ ያወቀችበት መሰለው።

ዘጠኝ ተኩል ላይ አዳራሹ ሞላ። ከመጋረጃው ቀዳዳ ሲያይ በፊተኛው ረድፍ የራሱን ጃኬት የዘረጋባቸው ሁለት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ተጀመረ። የመጀመሪያው ትዕይንት እንደምንም አለፈ፤ ሰው ሳቀለት፣ በቀይ ጃኬቱ አፏጩለት። ጀርባውን ለታዳሚው በሰጠ ቁጥር ግን የሚያየው ያንን ካርቶን ነው። ቡናማ፣ ደረቅ፣ አፈር የለበሰ፣ መሬት የሚመስል። ማንም ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው እንኳ ይረግጠዋል። ማንም! እና እናቱ።

ሁለተኛው ትዕይንት ላይ በከር ላሜራውን አራገበ። ድድድድም! ታዳሚው ደነገጠና ወዲያው ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ መጣ፤ በመጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር እንደሚዘራ። በከር ከጥግ እጆቹን ዘርግቶ እኔ አይደለሁም የሚል ምልክት አሳየው። የሰኔ ዝናብ ነው፣ የእውነቱ።  ካርቶን ዝናብ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ኢያኤል ቃሉ ጠፋበት፤ አሮጊቷን የምትጫወተው ልጅ በሹክሹክታ አቀበለችው፣ እሱም ተቀብሎ አላት፣ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። በሩ ተከፈተ። ጀነት ገባች፣ ከእግር እስከ ራሷ በስብሳ፣ ሻሿን እየጨመቀች። ከኋላዋ ሰው ጠበቀ። ማንም አልገባም። ጀነት በፊተኛው ረድፍ ከጃኬቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ባዶውን ወንበር ለእናቱ በእጇ ያዘች፣ ፈገግ አለችለት። 

እንዴት እስከ መጨረሻው ትዕይንት እንደደረሰ ዛሬም ቢጠየቅ አይናገርም። ሰፈሩ የቀን ሠራተኛውን ከበበ፤ ቢኒ መነጽሩን አወለቀ፤ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነው። ሶረቲ ከመጋረጃው ጥግ በከንፈሯ «እኔ ነኝ» ትለዋለች። ኢያኤል ወደ መድረኩ ጠርዝ ወጣ።

«ጀነት!» አለ። «እማዬስ? የት አለች?»

ጀነት ዙሪያዋን አየች። ቲያትሩ ውስጥ የተጨመረች መስሏት አፍራ ሳቀች። «ውሃው ሊለቀቅ ነው ሲሉ... ቅደሚ፣ ቀድቼ እደርሳለሁ አለችኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ውሃ ያልናፈቀው የለማ! ኢያኤል ከመድረኩ ዘለለ፣ ተመልሶ ወጣ፣ በከርን ገፍቶ ላሜራውን ከነገመዱ ነቀለው። ለምን እንደያዘው አያውቅም፤ ባዶ እጁን መሄድ አልቻለም። በመሃል መንገዱ፣ በወንበሮቹ መካከል፣ ላሜራው እየነጎደ ሲሮጥ ሰዉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከነ ሶረቲ በቀር ቲያትሩ እንዲህ ነው የሚያልቀው ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ነው።

ውጭ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። አንድ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ላሜራውን ሲያይ ዘጋው። ሮጠ። ንፋሱ ላሜራውን ከእጁ ሊነጥቀው ይታገላል፣ ጫፉ መዳፉን ቆረጠው፣ ሰዎች ከሱቅ በረንዳ ሥር «ኧረ ይሄ ልጅ ምን ሆኗል» ይላሉ። ልደታ ማርያም ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊሳለም ቆም አለ፤ ምን ብሎ እንደሚለምን ጠፋው። ሌላ ሰው ይሁን ሊል ነው? ያቺ ሐሳብ፣ ሌላ ሰው ይሁን የምትለዋ፣ ከአፉ ልትወጣ ስትል አገኛት። ማንን? ጀነትን? የማንን እናት? ተሳልሞ ሳይጨርስ ሮጠ።

ግቢው በር ላይ ፈቃደ የለም። ወደ ጓሮ ሲታጠፍ መጀመሪያ የሰማው ውሃ ነው፤ ከቧንቧው እንደጉድ ይፈሳል፣ የሞላ ጀሪካን ላይ፣ መሬት ላይ፣ ማንም አጠገቡ የለም። ውሃ ከፍቶ የሚሄድ ሰው በዚህ ግቢ ተፈጥሮ አያውቅም።  ካርቶኑ የለም። ጉድጓዱ ክፍት ነው፣ ጥቁር፣ ዝናቡ ይገባበታል። ተንበረከከ፤ የስልኩን መብራት አበራ። ታች፣ ከጭቃው ውስጥ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን በጎኑ ተኝቷል፤ እጀታው ላይ የእናቱ አረንጓዴ ሻሽ ተጠምጥሟል፤ እጀታው መዳፏን እንዳይቆርጣት ሁልጊዜ የምትጠመጥመው። «እማዬ!» ብሎ ጮኸ ጉድጓዱ ውስጥ። «እማዬ!» የገዛ ድምፁ ተመለሰለት።

«አንተ! ራቅ በል ከዚያ! መሬቱ ይናዳል!»

ከኋላው ነው። ከደረጃው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፣ ፀሐይቱ ባልዲ ደፍታ ተቀምጣለች። ሰማያዊ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ እጇ ላይ አንድ የመጥረጊያ እንጨት ይዛለች፣ ለሚመጣው ሰው መንገድ ለመዝጋት። ኢያኤል ሊያቅፋት ሄዶ እግሯ ሥር ወደቀ። አልቅሷል፣ ዝናብ ነው ብትሉም ይቻላል። «ጀሪካኑ ነው የቀደመኝ» አለችው፣ ራሱን እየደባበሰች። «ትንሽ ልረፍ ብዬ አስቀመጥኩት፤ ዋጠው። እግሬን ላነሳ ስል ነበር እኮ! ስልኬ እንደሆነ ሞቷል። ዘበኛውን ሳንቃ ፈልግ ብዬ ላክሁት። እስከዚያ ሰው ይመጣል፣ ልጅ ይመጣል ብዬ... ውሃውን እንኳ ልዘጋ አልተነሳሁም።» ቀጥሎ «ቲያትርህን ሳላይልህ ቀረሁ» አለችው።

ይሄኔ ነው ከአጠገቡ የወደቀውን ላሜራ ያየችው። አጎንብሳ አየችው፣ ዓይኗን አጥብባ፤ የተቆረጠውን ጫፍ፣ በከር ያስገባውን ገመድ፣ ከጥጉ ላይ ያለውን፣ ግቢው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ቀይ የቀለም ጠብታ። ከዚያ ልጇን አየችው፣ ቀይ ጃኬቱን። እጇ ከራሱ ላይ ተነሳ። ኢያኤል ስድብ ጠበቀ። ምንም የለም፤ ያው ዝምታዋ ነው።

ፈቃደ ባዶ እጁን እየሮጠ መጣ፣ ጃንጥላ የያዙ ሁለት ጎረቤቶች ተከትለውታል። «ሳንቃ የሚባል የለም እትዬ ፀሐይቱ!» አለ። «ያ ሌባ ግን አያችሁት? እኔ ላሜራ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ፤ ሰው ሊገድል! ነገ እርስዎም መጥተው ቃልዎን ይሰጣሉ። መውጫ የለውም።» ጎረቤቶቹ «እንዲበሰብስ ነው» አሉ በአንድ አፍ። ኢያኤል እናቱን አያት። ፀሐይቱ ማንንም አላየችም። እግሯ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ላሜራውን ወደ ባልዲው ኋላ ገፋው፤ የቀሚሷን ጫፍ ጣል አደረገችበት። ሰማያዊዋን ቀሚስ፣ ለሠርግ ብቻ የምትለብሳትን። ፊቷ ላይ ያየው ፍርሃት ከጉድጓዱ ፍርሃት የባሰ ነበር። መንገዱ ይኸው ተከፍቶለታል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው፣ እንደ ጠዋቱ፣ እሺ ጋሼ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ድምፁ ቀጭን ነበር፣ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ሁለተኛው ረድፍ አይሰማውም። ፈቃደ «አቤት?» አለ። ቃሏ እንደገና መባል ነበረባት። ኢያኤል ተነሳ፣ ላሜራውን ከእናቱ ቀሚስ ሥር አወጣው። «ላሜራውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑንም። ሰውየው ምንም አላደረገም፤ ጠዋት ስትይዙት ከላይ ሆኜ አየሁ።»  ከጎረቤቶቹ አንደኛዋ «ውይ የፀሐይቱ ልጅ» አለች፤ ያቺ ቃል ከዱላ ትብሳለች።

ኢያኤል «ከባልዲው ላይ ተነሽ፣ እኔ ልጠብቅ» ብሎ የእናቱን ክንድ ያዘ። አልተነሳችም። «እዚህ እኔ አለሁ» አለችው። «አንተ ጣቢያ ሂድ። ሰውየው ቤተሰብ ይኖረዋል፣ ሳይመሽ ይግባ።»

«እኔን ቢያስሩኝስ?»

ፀሐይቱ የመጥረጊያውን እንጨት ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። ኢያኤል ላሜራውን ብብቱ ሥር ሸጎጠ፤ ሄዶ መጀመሪያ ቧንቧውን ዘጋው።  ጥጉን ሊታጠፍ ሲል ጠራችው።

«ቲያትሩ ግን አለቀ?»

«መጨረሻው ቀርቷል።»

«በል ሂድ» አለችው፣ ዓይኗን ከጉድጓዱ ሳታነሳ። «እኔ አልነሳም።»

ወጣ። ጣቢያው ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱ ግን ረዘመበት፣ ላሜራውም በእያንዳንዱ እርምጃ ብብቱ ሥር ያጉረመርም ነበር።